የአንኮበሩ የውጭ አገር መምህር

ከአምቦ ተነሥቶ ተራራውን የወጣ መንገደኛ፥ በገደል ተከቦ የተኛውን ሐይቅ ባየ ጊዜ ስሙን መጠየቁ አይቀርም። የአገሩ ሰውም ሐሮ ወንጪ ነው ይለዋል። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ከሩቅ አገር ለማስተማር የመጣ ሰውም የራሱን ትምህርት የሚጀምረው እንዲህ ካለው ቃል ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ተምረው፥ ነገር ግን ያሰቡትን ያህል ሳያስተምሩ የሄዱ አንድ ሰው በሸዋ ታሪክ ውስጥ እናገኛለን፤ እኚህም ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ናቸው።

ክራፕፍ በ1802 ዓ. ም. በጀርመን አገር በቱቢንገን አጠገብ ተወለዱ። የእንግሊዝ ሚሲዮን ማኅበር ልኳቸው በመጀመሪያ ወደ ትግራይ መጡ፤ ደጃዝማች ውቤ ግን ከአድዋ አስወጧቸው። ከዚያ በኋላ ከጓደኛቸው ከኢዘንበርግ ጋር በተጁራ በኩል ዞረው በ1831 ዓ. ም. አንኮበር ገቡ። ኢዘንበርግ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲመለሱ ክራፕፍ ብቻቸውን ቀሩ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንግዳቸውን በደኅና ተቀበሉ፤ ዳሩ ግን የፈለጉት መጽሐፍ አስተማሪ ሳይሆን የእጅ ሥራ አዋቂ፥ መድኃኒትና ጠመንጃ ነበር። ስለዚህ ክራፕፍ በቤታቸው የሚያስተምሩት ጥቂት ልጆችን ብቻ ነበር። ንጉሡ ከአንኮበር ወደ አንጎለላ፥ ከአንጎለላም ወደ ደብረ ብርሃን ሲዘዋወሩ፥ ጉዳይ ያለው ሁሉ ተከትሎ መውጣትና መውረድ ግዴታው ስለ ነበር መምህሩም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በተረፈው ጊዜ የግዕዝ መጻሕፍት ያሰባስባሉ፤ የተራራውንና የወንዙን ስም ጠይቀው ይጽፋሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ኦሮምኛ ይማራሉ። ከዚህም ትጋት የተነሣ የኦሮምኛ ሰዋስዋቸው በ1832 ዓ. ም. ለንደን ላይ ታተመ፤ መዝገበ ቃላታቸውም ሁለት ዓመት ቆይቶ ተከተለ።

በዚያው በ1832 ዓ. ም. በጥር ወር ንጉሡ ወደ ኦሮሞ አገር ሲዘምቱ ክራፕፍ አብረው ሄዱ። ለአገር ተመልካች የማይገኝ ዕድል ነበረ። ነገር ግን በዚህ ጉዞ፥ ቋንቋውን የሚማሩለት ሕዝብ መንደሩ ሲቃጠልና ከብቱ ሲነዳ አዩ። ቋንቋን ከመምህር አፍ መማርና የቋንቋውን ባለቤቶች ከዘማች ጋር ሆኖ መጎብኘት ምን ያህል እንደሚራራቅ አንባቢያችን ራሱ ይመዝነው።

ከዚህ የከበደው ፈተና ግን ኋላ መጣ። በ1833 ዓ. ም. ካፒቴን ሐሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዘው ሸዋ ሲደርሱ፥ አገሩንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸው ነበርና ክራፕፍ ረዷቸው። በ1834 ዓ. ም. በኅዳር ውል ተፈረመ። መምህሩ በዚህ ሥራ የጠቀሙ ቢመስላቸውም፥ ከዚያ ወዲያ የሚታዩት እንደ መምህር ብቻ አልሆነም። በመጋቢት ወር እጮኛቸውን ለመቀበል ወደ ግብጽ ጉዞ ጀመሩ፤ ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የተባለው ባላባት ዘርፏቸው ባዶ እጃቸውን ምጽዋ ደረሱ። ተጋብተው ወደ ሸዋ ለመመለስ ቢሞክሩ መንገዱ ተዘጋባቸው። ንጉሡ አልፈቀዱም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሞምባሳ ሄዱ። እዚያ እንደ ደረሱ በ1836 ዓ. ም. ባለቤታቸውና አራስ ልጃቸው ሞቱባቸው። ይሁን እንጂ ሥራቸውን አልተዉም፤ በ1842 ዓ. ም. የኬንያን ተራራ ካዩ አውሮፓውያን የመጀመሪያው ሆኑ። ኦሮምኛንም አልረሱም። ቀድሞ በላቲን ፊደል ይጽፉት የነበረውን ቋንቋ፥ በሽምግልናቸው ደብተራ ዘነብ በሸዋ ሆነው በአማርኛ ፊደል ተርጉመው ሲያዘጋጁት አግዘው፥ አዲስ ኪዳን በ1868 ዓ. ም. ታተመ። ክራፕፍ በኅዳር 1874 ዓ. ም. በአገራቸው በኮርንታል ዐረፉ።

እኛ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ሦስት ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሰው ቋንቋ ጠይቆና ጽፎ መያዝ የሚቻል መሆኑን ነው። ሁለተኛው፥ ሕዝብ አምኖ ያስተማረንን ዕውቀት ለማን እንደምናውለው ማሰብ የሚገባ መሆኑን ነው። ነገ በሹመት ወይም በመምህርነት ወደማያውቀው ወረዳ የሚላክ ወጣት ሁሉ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ደብተር ይያዝ፤ እንደ ደረሰም ከማስተማሩ በፊት የሐይቁን ስም ይጠይቅ።