ኰሊንግውድ በመርከብ ላይ

ከታወቁት የእንግሊዝ አገር የባሕር ጦር አለቆች አንዱ ኰሊንግውድ ነው። እርሱም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1748 ዓ.ም. ኒውካስል በሚባል ከተማ ተወለደ። ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ከእናት ከአባቱ ተለይቶ ወደ ጦር መርከብ ገባ።

ከጐለመሰ በኋላ ሣራ የምትባል ሴት አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ። ቤቱም በሞርፔት ከተማ ነበረ። በቤቱ በሰነበተበት ወራት አትክልቱን ይኰተኵት ነበረ። ሲንሸራሸርም ኦክ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ በኪሱ ይዞ፥ ባዶ መሬት ባገኘበት ሁሉ ይተክል ነበረ። ያን ጊዜ የጦር መርከብ የሚሠራው በዚህ ዛፍ ጠንካራ እንጨት ነበረና፥ በኋላ ዘመን እንጨት እንዳይታጣ አስቦ ነው።

በ1803 ዓ.ም. እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋራ ጦርነት ስለ ገጠመች፥ ኰሊንግውድ ሚስቱንና ትንንሽ ልጆቹን ተሰናብቶ ወደ ባሕር ሄደ። ሥራው የጠላት መርከቦች ከወደባቸው እንዳይወጡ ሌሊትና ቀን መጠበቅ ነበረ። ስለዚህ አንድ ጊዜ 22 ወር ሙሉ መልሕቅ ሳይጥል በማዕበል ላይ ኖረ። የብቸኝነቱ ጓደኛ ባውንስ የሚባል ውሻው ነበረ።

ልቡ ግን ዘወትር ከቤቱ አልተለየም። ሥራው ፋታ ሲሰጠው ለሚስቱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበረ። ልጆቹ እውነት መናገርን እንዲለምዱ፥ መልካም መጻሕፍት እንዲያነቡ፥ ሒሳብም እንዲማሩ አሳሰበ። ደግሞ የተከላቸው ዛፎች እንዴት እንዳሉ፥ ከሦስቱ ኦኮች በታች በበጋ የሚቀመጡበት ጥላ እንዳለ ይጠይቅ ነበረ።

በ1805 ዓ.ም. በትራፋልጋር ጦርነት ወዳጁ ኔልሰን ቈስሎ በሞተ ጊዜ፥ ኰሊንግውድ የመርከቦቹን ሁሉ አዛዥነት ተቀበለ። ድሉም የእንግሊዞች ሆነ፤ እርሱም የሎርድነት ማዕርግ አገኘ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ክብር ወደ ቤቱ አላደረሰውም። በ1808 ዓ.ም. ጤና ስላጣ ፈቃድ ለመነ፤ አለቆቹ ግን የሚተካው ሰው በቀላሉ አይገኝም ብለው እንዲቈይ ለመኑት። እርሱም እሺ ብሎ ቈየ። በማግሥቱ ዓመት ውሻው ባሕር ገብቶ ሞተበት።

ሕመሙ እጅግ ስለ ጠና፥ በ1810 ዓ.ም. ሥራውን አስረክቦ ወደ አገሩ ጕዞ ጀመረ። መርከቡ ከሚኖርካ ደሴት በተነሣ በማግሥቱ፥ ማርች 7 ቀን፥ በ61 ዓመቱ ዐረፈ። ከ1803 ዓ.ም. ጀምሮ ሚስቱንና ልጆቹን አንድ ቀን እንኳ አላየም። አስከሬኑ በሎንዶን በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በኔልሰን መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

ልጆች ሆይ፥ ኰሊንግውድ ዛፎቹም ልጆቹም ሲያድጉ በዓይኑ አላየም፤ ነገር ግን ከሩቅ ሳለ በብዕሩ የአባትነቱን ሥራ ሠራ። ከእናንተም መካከል አባቱ ወይም ወንድሙ በሩቅ አገር የሚኖር ቢኖር፥ የተማረውን ፊደል ለዚህ ያውለው። በደጃችን ያለው ዛፍ አደገ የሚል ትንሽ ወረቀት እንኳ፥ ቤቱን ለናፈቀ ሰው ታላቅ ስጦታ ነው።