የቆርቆሮ ሠሪው ልጅ፦ ፈርዲናንድ ፖርሽና የሱማሌ ተራው ሞተር

በመርካቶ፣ በሱማሌ ተራ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች መካከል ለአምስት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ስመላለስ ቆይቻለሁ። የምፈልገው አንድ የቮልስዋገን ሞተር ነበር። የቮልስ ሞተር በሰፈሩ አይጠፋም፤ እኔ የፈለግሁት ግን በ1966 ሞዴል ላይ ከፋብሪካው ተገጥሞ የወጣውን፣ 1,285 ሴንቲ ሜትር ኩብ መጠንና 40 የፈረስ ጉልበት ያለውን፣ በዲናሞው መቀመጫ ሥር የተቀረጸው ቁጥሩ «ኤፍ» በሚል ፊደል የሚጀምረውን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) መኪናዋን ስገዛት ውስጧ የነበረው ከኋለኛው ዘመን የመጣ 1,600ው ሞተር ነው። ትልቁን አውጥቶ ትንሹን ማስገባት የጤና አይደለም እያሉ ባለሱቆቹም መካኒኮቹም ሲቀልዱብኝ ከረሙ።

ይህ ዓይነቱ እብደት የኔ ብቻ አይደለም። አሜሪካውያን ወጣቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ፣ ሮድስተር የሚባሉትን ጣራ የሌላቸውን የፎርድ መኪናዎች መከለያቸውን ነቅለው፣ ክብደታቸውን ቀንሰው፣ ኃይለኛ ሞተር ገጥመው ለሽቅድምድም ያዘጋጇቸው ነበር፤ ስማቸውም ሆት ሮድ ነው። ዛሬ እነዚያን መኪናዎች የሚያድሱ ሰዎች ሞተሩ የዘመኑ ካልሆነ እድሳቱ አልተፈጸመም ይላሉ። እኔም በዚሁ ሥርዓት ስመራ ሳለሁ፣ ዘመኑን ጠብቆ ማደስ ማለት የት ድረስ እንደሚሄድ ማሰብ ጀመርሁ። የብሎኑ ዘመን ከተጠበቀ የሐሳቡስ ዘመን? የቮልስን አባት የፈርዲናንድ ፖርሽን ሕይወት ለዚህ ዓመት መጽሔታችን ለመጻፍ የተነሣሁት ከዚህ የተነሣ ነው።

ፖርሽ የተወለዱት ሴፕቴምበር 3 ቀን 1875 ማፈርስዶርፍ በተባለች የቦሄሚያ መንደር ነው። መንደሯ ያን ጊዜ የኦስትሪያና ሀንጋሪ ግዛት አካል ነበረች፤ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ትገኛለች። አባታቸው አንቶን ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ። የአባትየው ሱቅ ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከሱማሌ ተራ ወጥቶ ወደ ምናለሽ ተራ መዝለቅና በርሜል ቀዶ ምድጃ ከሚያወጡት ባለሙያዎች ፊት ጥቂት መቆም ይበቃል። ልጅየው ቀን በአባቱ ሱቅ መዶሻ ይዞ ይውላል፤ ማታ በአቅራቢያው ከተማ በራይሸንበርግ የቴክኒክ ትምህርት ይከታተላል። ኤሌክትሪክ በመንደሩ ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ገና በአፍላ ዕድሜው፣ የአባቱን ቤት በኤሌክትሪክ መብራት አስጌጠ።

በ1893፣ በ18 ዓመታቸው፣ ወደ ቪየና ሄደው በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠሩ። በትርፍ ጊዜያቸውም ሳይመዘገቡ እየሾለኩ በቪየና የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ትምህርት ያዳምጡ ነበር። ከዚያ ያለፈ መደበኛ የምሕንድስና ትምህርት አልነበራቸውም። የዲግሪ ማስረጃ ካልቀረበ በር የማይከፍት እንደኛ ያለ ማኅበር ቢገጥማቸው ኖሮ ደጅ በቀሩ ነበር። በ1917 ያው የቪየና ትምህርት ቤት የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ «ዶክተር ኢንጂነር» የሚለው ማዕረግም በኩባንያቸው ስም ላይ ሳይቀር ቀርቷል።

ስማቸው የተሰማው በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ለሎህነር ኩባንያ የሠሩት መኪና ሞተሩ ከፊት ወይም ከኋላ አልነበረም፤ በራሱ በጎማው እምብርት ውስጥ ነበር። ማርሽ የለውም፣ ሰንሰለት የለውም፤ ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ጎማውን በቀጥታ ያዞረዋል። ችግሩ ግን ባትሪው ነበር። አራቱም ጎማ በየሞተሩ የሚዞር አንድ መኪና ለአንድ እንግሊዛዊ ሲሠሩ የባትሪው ክብደት ብቻ 1,800 ኪሎ ግራም ደረሰ። ይህን ለማቃለል በቤንዚን ሞተር የሚዞር የኤሌክትሪክ ማመንጫ መኪናው ላይ ጫኑ፤ ዛሬ ሃይብሪድ የምንለው አሠራር መሆኑ ነው። በእኛ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ሲከለከል የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ነገር ነው ብለው የተከራከሩ ወዳጆቼ፣ ፖርሽ በ25 ዓመታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ቢያውቁ መልካም ነው።

ይህን የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ጥምረት አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ ተመልሶ ይመጣልና።

በ1906 የአውስትሮ ዳይምለር የቴክኒክ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1910 ራሳቸው የነደፉትን መኪና ራሳቸው እየነዱ ታላቁን የልዑል ሃይንሪሽ ውድድር አሸነፉ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ያው ጥምረት ሌላ ደንበኛ አገኘ። ከባዱን የኦስትሪያ መድፍ ተራራ ለተራራ የሚጎትት ባቡር መሰል ተሽከርካሪ ሠሩ፤ የፊተኛው መኪና ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ የተሳቢዎቹም ጎማዎች በየራሳቸው ሞተር ይዞራሉ። እንደ ምሕንድስና ሥራ ካየነው ድንቅ ነበር። ሸክሙ ሰው መግደያ መሆኑ በስሌቱ ውስጥ የሚገባ ነገር አልነበረም።

ከ1923 ጀምሮ በሽቱትጋርት ለዳይምለር ሠርተዋል፤ ዝነኞቹ የመርሴዲስ የሽቅድምድም መኪናዎች የተነደፉት በዚያ ዘመን ነው። ከኩባንያው አለቆች ጋር ስላልተስማሙ ለቀቁ፤ በኦስትሪያ በሽታየር ፋብሪካ የነበራቸውም ቆይታ አጭር ሆነ። በመጨረሻ በ1931 በሽቱትጋርት የራሳቸውን የንድፍ ቢሮ ከፈቱ። ገንዘቡን በማግኘትና የንግዱን ሥራ በመምራት ትልቁን ሸክም የተሸከመው አዶልፍ ሮዘንበርገር የተባለ አይሁዳዊ የመኪና ተወዳዳሪ ሲሆን፣ ከባለአክሲዮኖቹም አንዱ እርሱ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1935 ሮዘንበርገር ድርሻውን አጣ፤ በዚያው ዓመት ተይዞ ኪስላው ወደሚባለው የማጎሪያ ካምፕ ተላከ። ከተለቀቀ በኋላ ወደ ፈረንሳይ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው ክስ በጥቂት ገንዘብና በአንድ መኪና ተዘጋ። ስሙም ከኩባንያው ታሪክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ደብዝዞ ቆየ። አንድን ሞተር ፈትቶ ሲገጥም አንድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተርፎ ያገኘ ባለሙያ ዝም ብሎ ሊያልፍ አይገባውም፤ ሮዘንበርገርን እዚህ ያነሣሁት ስለዚህ ነው።

ሂትለር በሺህ ማርክ ያህል የሚገዛ የሕዝብ መኪና እንዲሠራ ባዘዘ ጊዜ ፖርሽ ለብዙ ዓመታት ያለሙት ትንሽ መኪና ደጋፊ አገኘ። ውሉ የተፈረመው በጁን 22 ቀን 1934 ነው፤ ዋጋው በኋላ 990 ማርክ ተባለ። እውነቱን ለመናገር ቮልስ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሞተሩን የነደፈው በቢሮው ይሠራ የነበረው ፍራንትስ ራይምሽፒስ፣ አካሉን የቀረጸው ኤርቪን ኮሜንዳ ነው። የታትራው መሐንዲስ ሀንስ ሌድቪንካ ከኋላ የተቀመጠውን በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር አስቀድሞ ሠርቶት ስለነበር፣ የታትራ ኩባንያ ያቀረበው ክስ በ1960ዎቹ በካሣ እስኪዘጋ ድረስ ቮልስዋገንን አስጨንቋል። የፖርሽ ችሎታ ከየአቅጣጫው የመጣውን ሐሳብ በአንድ ርካሽና ጠንካራ መኪና ላይ አዋሕዶ መፈጸም ነበር።

ስለ ሞተሩ ጥቂት ልበል። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል፤ የሚያቀዘቅዛቸው ዲናሞው በያዘው ዘንግ ላይ የተገጠመ ማራገቢያ ነው። ራዲያተር የለም፣ የውኃ ቱቦ የለም። ጀርመኖች ይህን የመረጡት ጋራዥ የሌለው ሰው መኪናውን ደጅ ሲያሳድር ውኃው በብርድ እንዳይረጋበት ነው። ለእኛ የጠቀመን በተቃራኒው ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በመሆኑ፣ ዳገት ላይ ኮፈን ከፍቶ እንፋሎት ማየት የከተማችን የተለመደ ትዕይንት ነበር፤ ቮልስ ግን የሚፈላ ውኃ የለውም። እርግጥ ነው፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ማራገቢያውም የሚያገኘው አየር ቀላል ነው። ስለዚህ የ40 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር እዚህ 32 ያህል ቢሰጥ ነው። የሱማሌ ተራ ሰዎች ለምን እንደሳቁብኝ አንባቢ አሁን ይረዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት የሙከራ መኪናዎች እያንዳንዳቸው 50,000 ኪሎ ሜትር እንዲነዱ ለፈተና የወጡት በ1936 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር አዲስ አበባ በፋሺስት ጣልያን እጅ ወድቃ ነበር፤ በወረራው ዘመንም ጣልያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። መርካቶና ቮልስ እንግዲህ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። መካኒኮቻችን ዛሬም ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት በዚያው ቋንቋ ነው።

የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ በ1938 ተጣለ። ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ጀርመናውያን በየሳምንቱ ማርክ እየቈጠቡ መኪና ጠበቁ፤ አንዱም በቍጠባው መኪና አልደረሰውም። ፋብሪካው ወደ ጦር ሥራ ዞረና በጦርነቱ ዓመታት ወደ 20,000 የሚሆኑ ሰዎች፣ ከተያዙት አገሮች የተጋዙ ሠራተኞች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች፣ ተገድደው ሠሩበት። ከምሥራቅ አውሮፓ ከመጡት ሴቶች የተወለዱት ሕፃናት ከእናቶቻቸው ተነጥቀው በፋብሪካው ማቆያ ሲቀመጡ ከሦስት መቶ የሚበልጡት በረኃብና በበሽታ ሞቱ። ፖርሽ ከፋብሪካው ዋና አስተዳዳሪዎች አንዱ ነበሩ፤ ከ1937 ጀምሮ የናዚ ፓርቲ አባል፣ በኤስ ኤስ ውስጥም የከፍተኛ ማዕረግ ባለቤት። ስለ ፖለቲካ ደንታ ያልነበራቸው የቴክኒክ ሰው ብቻ ነበሩ የሚል ክርክር ይቀርብላቸዋል። እኔ ይህን አልቀበልም። ሠራተኛ እንዲላክላቸው የሚጠይቅ ሰው ሠራተኛው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል።

ያ የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ጥምረት እዚህ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ አለ። ለነብር ታንክ ባቀረቡት ንድፍ ውስጥ ሞተሮቹ ማመንጫ ያዞራሉ፣ ማመንጫው ሰንሰለቱን የሚነዱትን ሞተሮች ያንቀሳቅሳል። ንድፉ ስለተወሳሰበና መዳብ ስለበላ በሄንሽል ተሸነፈ፤ አስቀድመው የተሠሩት 90 የሚሆኑ አካሎች ግን ወደ ፀረ ታንክ መሣሪያነት ተለውጠው፣ በስማቸው «ፈርዲናንድ» ተብለው፣ በ1943 በኩርስክ ተሰለፉ። የ1900ውን የፓሪስ መኪናና የኩርስኩን ባለ 65 ቶን መሣሪያ ያገናኘው አንድ ሐሳብ ነው። የተለወጠው ከፋዩ ብቻ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1945 መጨረሻ፣ ፈረንሳዮች ፖርሽን ከልጃቸው ከፌሪና ከአማቻቸው ከአንቶን ፒየሽ ጋር አሠሯቸው። በእስር ላይ ሳሉ ስለ ሬኖ ትንሿ መኪና ሐሳብ እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ ሰጡም። በኦገስት 1947 በዋስ የተፈቱት፣ ልጃቸው ለጣልያኑ ቺዚታልያ ኩባንያ የሽቅድምድም መኪና ነድፎ ባገኘው ገንዘብ ነው። በኋላም በፍርድ ቤት ነፃ ተባሉ።

በኦስትሪያ ግሙንድ በምትባል መንደር፣ በአሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ፣ ፌሪ የራሱን ሥራ ጀምሮ ቆያቸው። የቮልስን 1,131 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር ወሰደ፤ ኃይሉን ከ25 ወደ 35 የፈረስ ጉልበት ከፍ አደረገ፤ በቱቦ ሻንሲ ላይ ከኋለኛው ጎማ ፊት ለፊት ተከለው፤ በእጅ የተቀጠቀጠ የአሉሚኒየም አካል አለበሰው። በጁን 1948 የመንገድ ፈቃድ ያገኘው ይህ ጣራ የለሽ ሮድስተር 585 ኪሎ ግራም ይመዝን፣ በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ የፖርሽን ስም የያዘ የመጀመሪያው መኪና ነው። አሠራሩን ላስተዋለው ሰው ከአሜሪካውያኑ ሆት ሮድ ብዙም አይለይም፤ ለተራ ሰው የተሠራ ሞተር፣ የቀለለ አካል፣ ጥቂት ተጨማሪ ጉልበት። አካሉም የቆርቆሮ ሠሪ ሥራ ነው።

አዛውንቱ በኖቬምበር 1950 ቮልፍስቡርግ ሄደው ቮልሶቹ በብዛት ሲመረቱ አዩ። ብዙም ሳይቆዩ ደም በአንጎላቸው ፈስሶ ታመሙ፤ በጃንዋሪ 30 ቀን 1951 በሽቱትጋርት አረፉ፤ ኦስትሪያ ውስጥ በሴል አም ዜ በቤተሰባቸው ርስት ተቀበሩ። የመጨረሻው ቮልስ በጁላይ 2003 በሜክሲኮ ሲወጣ የተመረቱት ብዛት 21,529,464 ደርሶ ነበር።

የኔ ሞተር የተገኘው በአምስተኛው ወር፣ ከአንድ ሱቅ ወለል ላይ፣ በዘይትና በአቧራ ተሸፍኖ ነው። ቁጥሩን በቤንዚን ጠርጌ «ኤፍ»ን ሳየው የባለሱቁን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልሁ፤ ይህም በመርካቶ ሕግ ነውር ነው። አንደኛው ቴስታታ ተሰንጥቆ ነበርና ሌላ ተፈለገለት፤ ፒስቶኖቹም ተለወጡ። ትልቁን ሞተር ሲስቁብኝ ከነበሩት መካኒኮች አንዱ ገዛኝ። መኪናዋ ዛሬ ትሠራለች፤ የእንጦጦን ዳገት የምትወጣው ግን በሁለተኛ ማርሽ ነው።