በባርነት ተሽጦ የሕንድ መስፍን የሆነው ማሊክ አምባር

በሕንድ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚነሣው የጦር አለቆችና አስተዳዳሪዎች አንዱ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ ነው። እርሱም ማሊክ አምባር ይባላል። የተወለደው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1548 ገደማ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ነው፤ የልጅነት ስሙም ቻፑ ነበረ። በዚያ ዘመን የአገራችን ልጆች እንደ ከብት እየተነዱ ባሕር ይሻገሩ ነበርና እርሱም በልጅነቱ ለባሪያ ነጋዴዎች ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ባግዳድ ደረሰ። በዚያ የገዛው ጌታ እስልምናን አስቀበለው፤ አምባር ብሎ ሰየመው፤ ትምህርትም አስተማረው። ኋላ ከጉልበቱ ይልቅ የጠቀመው ይህ ትምህርት ነው።

ከዚያም ደካን ወደሚባለው የሕንድ ክፍል ተወስዶ ለአሕመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም ለጨንጊዝ ኻን ተሸጠ። ይህ ሹም ራሱ ከባርነት የተነሣ ሐበሻ ስለ ነበረ፣ ወጣቱ አምባር የመንግሥትን ሥራ በወገኑ ቤት ተማረ። ጌታው በሞተ ጊዜ ነጻ ወጥቶ በወታደርነት አደረ፤ ጭፍራውም እያደር በዛ።

በ1600 የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት የአክባር ጦር የአሕመድናጋርን ምሽግ ያዘ። መንግሥቱ ያለቀለት ሲመስል አምባር ከነገሥታቱ ዘር ሙርታዛ የተባለውን ፈልጎ አነገሠ፤ ሴት ልጁን ዳረለት፤ ራሱም እንደራሴ ሆነ። ይህ ንጉሥ በ1610 ሲሞት አምባር በመርዝ አስገደለው ተብሏል፤ በምትኩም ሕፃን ልጅ በዙፋኑ ላይ ተቀመጠ። የአምባርን ስም የሚያጐድፈው ይህ ነገር ነው።

የሙጋልን ብዙ ሠራዊት በሜዳ አይገጥምም ነበር፤ ማራታ በሚባሉት የአገሩ ፈረሰኞች ስንቁን እየቈረጠ፣ በሌሊት እየወረደ ያደክመው ነበር እንጂ። የአክባር ልጅ ጃሃንጊር እጅግ ስለ ተናደደበት፣ በ1616 ገደማ የአምባርን የተቈረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። ያን ራስ በእውነት ለማግኘት ግን አልቻለም። በ1624 ሙጋሎችና የቢጃፑር ሰዎች ተባብረው በመጡበት ጊዜ አምባር የባትቫዲን ሐይቅ ግድብ አፍርሶ ሰፈራቸውን በጭቃ አጥለቀለቀና ድል ነሣቸው። ዕድሜው ያን ጊዜ ከሰባ አምስት በላይ ነበረ።

ከጦርነቱም ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የመሬት ሥርዐቱ ነው። ከእርሱ በፊት ግብሩን በቍርጥ ገንዘብ ከመንግሥት የሚገዙ ሰዎች ባላገሩን ያራቍቱት ነበር። እርሱ ይህን ሽሮ መሬቱን አስለካ፤ ለሙን ከጠፉ ለየ፤ ግብሩንም እንደ አዝመራው መጠን ወሰነ። ሒሳቡንም ብራህማን ጸሐፊዎች እንዲይዙት አደረገ። በሃይማኖት ከእርሱ የተለዩ ሰዎች ናቸውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለሃያ ዓመት በላይ ባላገሩ ጦርነቱን ሊሸከም የቻለው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

በ1610 ኺርኪ የተባለ ከተማ ቈረቈረ፤ ውሃም ከሩቅ በምድር ውስጥ ቦይ አስቈፍሮ አመጣለት። በ1626 ሲሞት የጠላቱ የጃሃንጊር ታሪክ ጸሐፊ እንኳ ብልኀቱንና ፍርዱን አመስግኖ ጻፈ። መቃብሩ በኹልዳባድ ይገኛል። መንግሥቱ ከእርሱ በኋላ አሥር ዓመት ብቻ ቈይቶ በ1636 ጠፋ። ከተማውንም ሙጋሎች አውራንጋባድ አሉት፤ በ2023 ደግሞ ስሙ እንደ ገና ተለወጠ። አምባር ያስቈፈረው ቦይ ግን ለብዙ ዘመን ከተማውን ሲያጠጣ ኖሯል።