ካናዳ ሊ፤ ከቡጢ ሜዳ ወደ ሲኒማ

በትምህርት ቤት መጽሔቶች ላይ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር መሪዎችና ስለ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ይጻፋል። እኔ ግን ለዘንድሮው እትም የመረጥሁት አንድ ተዋናይ ነው። ይህ ሰው የታየባቸው ፊልሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዕድሜውም ከ45 ዓመት አላለፈም። ነገር ግን የአንድ ሰው ክብር በሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን እምቢ ባለውም ጭምር እንደሚለካ ከሕይወቱ የተረዳሁ ስለ መሰለኝ፣ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቼ ላቀርብ አሰብሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካናዳ ሊ በመጀመሪያ ስሙ ሊዮናርድ ሊዮኔል ኮርኔልየስ ካኔጋታ ይባል ነበር። የተወለደው ማርች 3 ቀን 1907 በኒው ዮርክ ከተማ ሲሆን፣ የአባቱ ቤተ ሰብ ከካሪብያን ደሴቶች የመጣ ነው። ገና የ7 ዓመት ልጅ ሳለ ቫዮሊን መማር ጀመረ። ነገር ግን 14 ዓመት ሲሆነው ከቤት ኮብልሎ የፈረስ እሽቅድምድም ወደሚደረግባት ወደ ሳራቶጋ ሄደ። እዚያም ፈረስ ከመጠበቅ ጀምሮ የእሽቅድምድም ፈረስ ጋላቢ ለመሆን በቃ። ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ቀላል ሰውነት ነው። ልጁ እያደገና እየከበደ ስለ ሄደ ጥቂት ከጋለበ በኋላ ፈረሱን ትቶ ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ቡጢ ጀመረ። በመጀመሪያ በአማተርነት፣ ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ለገንዘብ የሚጋጠም ሆነ፤ በታዋቂው በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ሳይቀር ተጋጥሟል። ዓለም የሚያውቀውን ስሙን ያገኘውም በዚህ ዘመን ነው። የግጥሚያው አስተዋዋቂ ሊ ካኔጋታ የሚለው ስም አልጨበጥ ብሎት ካናዳ ሊ ብሎ ጠራው ይባላል፤ ወጣቱም አልተቃወመም፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ቡጢ ግን ከሰጠው ይበልጥ ወሰደበት። በአንድ ግጥሚያ ላይ የተቃራኒው ቡጢ ዓይኑን መትቶት በውስጥ ያለው ሬቲና የሚባለው ስስ ሽፋን ተላቀቀ፤ የዚያ ዓይኑም ብርሃን ጠፋ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከቡጢ ሜዳ ሲወጣ ዘመኑ በአሜሪካ ታላቅ የኑሮ ችግር የነበረበት፣ ሚሊዮን ሠራተኞች ሥራ ያጡበት ጊዜ ነበር። ሊም በሀርለም ሰፈር ሥራ ሊፈልግ በሄደበት ቤት ለቲያትር የሚሆኑ ሰዎች ሲመረጡ አግኝቶ፣ ሳያስበው ተዋናይ ሆነ ይባላል።

በ1936 ገና የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ኦርሰን ዌልስ የሼክስፒርን «ማክቤት» በጥቁር ተዋንያን ብቻ በሀርለም ላፋዬት ቲያትር አሳየ። በዚህ ዝነኛ ሥራ ውስጥ ካናዳ ሊ ባንኮን ሆኖ ተጫወተ። በ1941 ደግሞ ዌልስ ከሪቻርድ ራይት መጽሐፍ የተወሰደውን ቲያትር አዘጋጅቶ ሲያቀርብ፣ ቢገር ቶማስ የተባለውን ዋና ሰው እንዲጫወት የተመረጠው እሱ ነበር። ቢገር ድህነትና የዘር ጭቆና ወደ ግድያ የነዱት ወጣት ነው። ሊ ይህን ሰው እንዲሁ ክፉ አድርጎ ሳይሆን፣ ተመልካቹ እንዲፈራውም እንዲያዝንለትም አድርጎ ስለ ተጫወተው ከታላላቆቹ ተዋንያን ተራ ገባ።

አሁን ወደ ሲኒማው ልምጣ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጡት ሥራ የታወቀ ነበር፤ ወይ አሽከር ይሆናል፣ ወይ ያስቃል፣ ወይ ይፈራል። አነጋገሩም የተሰባበረ እንዲሆን ይጻፍለታል። ሊ በ1939 «ኪፕ ፓንቺንግ» በተባለ በጥቁር ተዋንያን በተሠራ ፊልም ውስጥ ከታየ በኋላ፣ ወደ ትልቁ ሲኒማ የገባው በ1944 በአልፍሬድ ሂችኮክ «ላይፍቦት» ነው። ይህ ፊልም መርከባቸው በጦርነት የሰጠመባቸው ሰዎች በአንዲት ጀልባ ላይ የሚያሳልፉትን መከራ ያሳያል። የሊ ድርሻ ጆ የሚባል የመርከብ አስተናጋጅ ነበር። ሊ የተጻፈለትን የአሽከር አነጋገር እንዲሁ አልተቀበለም፤ በየቃሉ ጌታዬ ጌታዬ ማለቱ እንዲቀነስ አደረገ። በፊልሙ ውስጥ ሌሎቹ በቁጣ ተነሥተው በጀልባው ያለውን ጀርመናዊ ሲገድሉ፣ ከነሱ ጋር ያልተባበረው ጆ ነው። ሆኖም ታሪኩን በመጀመሪያ የጻፈው ጆን ስታይንቤክ የጆ አቀራረብ ስላላረካው ስሙ ከፊልሙ እንዲወጣለት ጠይቋል። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ተዋናይ ብቻውን ሊያቃናው የሚችለው ምን ያህል ጥቂት እንደ ነበረ ነው፤ ሊ ግን ያንኑ ጥቂት አልተወም።

በ1947 ሮበርት ሮሰን «ቦዲ ኤንድ ሶል» ማለት «ሥጋና ነፍስ» የተባለውን የቡጢ ፊልም ሠራ። ዋናውን ተጋጣሚ የተጫወተው ጆን ጋርፊልድ ሲሆን፣ ሊ ቤን ቻፕሊን የተባለውን ጥቁር ሻምፒዮን ሆነ። ቤን በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶበት ሳለ ገንዘብ የሚሹ ሰዎች ያጋጥሙታል፤ ማዕረጉንም ጤንነቱንም ያጣል። በኋላም ያሸነፈው ሰው አሠልጣኝ ሆኖ ሲሠራ ይሞታል። በቡጢ ዓይኑን ያጣ ሰው በቡጢ ሕይወቱን ያጣውን ሰው ሲጫወት ማየት ልብ ይነካል። እኔም ይህን ፊልም ስመለከት የጋርፊልድን ድል ሳይሆን የቤንን ፊት ነው የማስታውሰው። በ1949 ደግሞ «ሎስት ባውንደሪስ» በተባለው ፊልም በሀርለም ያለ የፖሊስ መኰንን ሆኖ ታየ። ፊልሙ ነጭ መስለው ስለሚኖሩ የአንድ ጥቁር ሐኪም ቤተ ሰብ የሚናገር ሲሆን፣ የሐኪሙን ድርሻ የተጫወተው ግን ነጭ ተዋናይ ነበር።

ሊ ስለ ወገኖቹ መብት በአደባባይ ይናገር ነበር፤ ዘርን ለይቶ መኖሪያ ቤት መከልከልን የሚነቅፍ ቲያትርም በ1946 ከሌሎች ጋር አዘጋጅቶ ተጫውቷል። ዘመኑ ግን ኮሚኒስት ነው ተብሎ መጠርጠር ብቻ እንጀራ የሚያሳጣበት ነበር። በ1949 በአንድ የስለላ ክስ ችሎት ላይ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሰነዶች ሲቀርቡ የሊ ስም ተጠቀሰ። እሱም ኮሚኒስት አለመሆኑን ተናገረ። ቢሆንም የራዲዮና የቴሌቪዥን በሮች ተዘጉበት። ፍርድ ቤት አልከሰሰውም፣ ዳኛም አልፈረደበትም። ከፈረስ ያወረደው የገዛ ክብደቱ ነበር፤ ከቡጢ ሜዳ ያስወጣው የተቃራኒው ክንድ ነበር፤ ከዚህኛው ሥራ ያስወጣው ግን ወረቀት ነው። ወረቀትን ደግሞ በቡጢ መመለስ አይቻልም።

በዚህ ጭንቅ መካከል ዳይሬክተሩ ዞልታን ኮርዳ የአለን ፔተንን መጽሐፍ «ክራይ፣ ዘ ቢላቭድ ካንትሪ»ን በፊልም ለመሥራት ሊን ጠራው። ሥራው በ1950 በደቡብ አፍሪካ ተካሄደ፤ አፓርታይድ የመንግሥት ሕግ ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። አብሮት የተጫወተው ወጣቱ ሲድኒ ፖይቲየር በኋላ እንደ ተረከው፣ ሁለቱ ጥቁር ተዋንያን ወደ አገሪቱ የገቡት የኮርዳ የኮንትራት አገልጋዮች ተብለው ነው። አሽከር ሆኖ መታየትን ሲቃወም የኖረ ሰው፣ ለዚህ ሥራ ሲል በወረቀት ላይ አሽከር ተባለ። በፊልሙ ውስጥ ግን ቄስ እስጢፋኖስ ኩማሎን ሆኖ ዋናውን ድርሻ ያዘ። ኩማሎ የጠፋ ልጁን ፍለጋ ከገጠር ወደ ጆሃንስበርግ የሚሄድ አዛውንት ነው፤ ልጁንም በነፍስ ግድያ ታስሮ ያገኘዋል። የሟቹ ነጭ አባትና የገዳዩ ጥቁር አባት ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ ሊ ኀዘኑን የሚገልጸው በጩኸት ሳይሆን በዝምታ ነው። በእኔ አስተያየት ከፊልሞቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ የመጨረሻው ፊልሙ ሆነ። ካናዳ ሊ በደም ግፊትና በኩላሊት ሕመም ታሞ ሜይ 9 ቀን 1952 በኒው ዮርክ ሞተ። በ12ኛው ቀን፣ እንደሱ ከሥራ የታገደው ጆን ጋርፊልድ በ39 ዓመቱ በልብ ሕመም ተከተለው። በ«ሥጋና ነፍስ» የተጋጠሙት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ወር ሄዱ። ሲድኒ ፖይቲየር ግን ቀጠለ፤ በ1964 በምርጥ ዋና ተዋናይነት የኦስካርን ሽልማት በመቀበል ከጥቁር ወንዶች የመጀመሪያው ሆነ።

ውድ ተማሪዎች፤ ካናዳ ሊ ፊልሙን በቁጥር ብናየው ጥቂት ነው፤ የደረሰበትን ብናይ ተሸናፊ ሊመስለን ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አላየውም። ዝም ቢልና የተሰጠውን ሁሉ ቢቀበል ኖሮ ምናልባት ብዙ ፊልም ይሠራ ነበር፤ የሚያስቀው አሽከርም በቁጥር አንድ ይጨመር ነበር። እሱ ጥቂቱን መርጦ ዋጋውን በሥራው ከፈለ። ከእኛም ብዙዎቻችን በቅርቡ ትምህርት ጨርሰን እንጀራ ፍለጋ እንሰማራለን፤ እንጀራና ክብር የሚጣሉበት ቀን ለየአንዳንዳችን ይመጣል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። የዚህ ሰው ስም አስተዋዋቂ በስሕተት ያወጣለት ነበር፤ በሥራው ግን የራሱ አደረገው።