በርታ ቤንዝ እና የእኔ የእጅ ፍሬን

ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ቫኗን አቁሜ፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስቤ ወረድኩ። አራት እርምጃ እንኳን ሳልሄድ መኪናዋ ቀስ እያለች ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ከእኔ ቀድሞ ድንጋይ አንስቶ ከኋላ ጎማዋ ስር የሸጎጠላት አንድ ሊስትሮ ልጅ ነው። ቆመች። ከኋላዋ፣ አሥር ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ሁለት እናቶች በቆሎ ይጠብሱ ነበር። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ እኔ አይደለም። ከ130 ዓመት በፊት ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስላስጨነቃት አንዲት ጀርመናዊት ነው፤ በርታ ቤንዝ ትባላለች። (ስሟ በእኛ ጆሮ ለወንድ የሚባል ማበረታቻ ይመስላል፤ በርቺ ቢሏት ይሻል ነበር።) ወደ እሷ የወሰደኝ መንገድ በጋራዥ በኩል ስለሆነ ግን መጀመሪያ እዚያ እንግባ።

የእኔ ቫን የኋላ ፍሬኗ ዲስክ ነው። የኋላ ዲስክ ካለ የእጅ ፍሬኑም ያንኑ ዲስክ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። በአንዳንድ መኪኖች እውነት ነው። የእኔዋ ግን ሌላ ናት። ዲስኩ መሃሉ ላይ እንደ ቆብ ጎበጥ ያለ ነው፤ በቆቡ ውስጥ ትንሽ ታምቡር አለ፤ በታምቡሩ ውስጥ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን ሸራዎች። ፔዳሉን ስትረግጡ የውጪው ይሠራል፣ እጀታውን ስትስቡ የውስጡ። ለዚህ ነው እየነዳኋት ጥሩ አድርጋ የምትቆመው መኪና ትቻት ስወርድ የሸሸችኝ።

መካኒኩ አንቱ የምላቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከመኪና ስር ያሳለፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹ ስር ታኮ አስገቡ፤ የእጅ ፍሬኑ ሊፈታ ስለሆነ ሌላ የሚይዛት ነገር የለማ። ክሪክ ብቻውን እንደማይታመን ነግረውኝ ከስር በቋሚ ደገፏት። የግራው ጎማ ሲወልቅ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ ነክሷል። በዚህ ምክንያት አንዱ ሸራ ብቻውን ሲሠራ ኖሮ አልቆ ብረቱ ወጥቷል፤ ብረቱም ዲስኩን እንደ ድሮ የሙዚቃ ሸክላ ክብ ክብ መስመር አውጥቶበታል። በቀኝ በኩል ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ አልሄድ ብሏል።

ትልቁ ጥፋት ግን የእኔ ነው። ከወራት በፊት እጀታው ላልቶብኝ ሌላ ቦታ ወስጃት ነበር፤ እጀታው ስር ገመዱን ጠበቅ አደረጉልኝና ከፍዬ ወጣሁ። ጠብቆ ሲሰማኝ በቃ የተስተካከለ መሰለኝ። ለካ ሸራው ሲሳሳ ከታምቡሩ ስለሚርቅ፣ ገመድ ማጥበቅ ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አያስወግደውም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ተቃራኒው ነው። ገመዱ ሙሉ በሙሉ ይላላል፤ ከዚያ ታምቡሩ ውስጥ ያለችው ጥርስ ያላት ማስተካከያ ሸራዎቹ ታምቡሩን እስኪነኩ ድረስ ትዞራለች፤ ጎማው በነፃ እስኪሽከረከር ጥቂት ትመለሳለች፤ ገመዱ የሚነካው በመጨረሻ ነው።

ገመዱ፣ ሁለቱም ዲስኮችና የሁለቱም ጎማ ሸራዎች ተቀየሩ፤ አንዱን ጎማ ብቻ ቀይሮ መተው መኪናዋን ወደ አንድ ጎን ያስጎትታታል። ሸራው ያራገፈውን አቧራ በአፋቸው እፍ አላሉም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። ካሊፐሩም በጎማ ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ ታሰረ። ሁሉም ተገጥሞ ሲያበቃ፣ ከመንቀሳቀሴ በፊት ፔዳሉን ደጋግሜ እንድረግጥ አደረጉኝ። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ስለነበር የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ እግሬ ወለሉን ነካ። ይሄን ሳያውቅ አስነስቶ የሚወጣ ሰው ግድግዳ ያገኘዋል።

ከዚያ ያለቀውን ሸራ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ይሄ ነገር የተሠራው እንዲያልቅ መሆኑን፣ ዲስኩ እንዳያልቅ እሱ እንደሚያልቅለት አስረዱኝ። ቤት ገብቼ ስልኬን ይዤ ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ማን አመጣው ብዬ ስፈልግ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ብቅ አለች።

በርታ ሪንገር በፈረንጆቹ 1849 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) ፎርዝሃይም በምትባል የደቡብ ጀርመን ከተማ ተወለደች። አባቷ በግንባታ ሥራ ሀብት ያፈራ ሰው ነበር፤ አሁንም ሴት ልጅ በመወለዷ ያደረበትን ቅሬታ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጽፎ እንደተወ ይነገራል። ልጅቷ አድጋ ካርል ቤንዝ የሚባል ገንዘብ የሌለው መሐንዲስ ወደደች። ካርል ማንሃይም ውስጥ በከፈተው ወርክሾፕ ከሸሪኩ ጋር መስማማት አቅቶት ነበር። በዚያ ዘመን እዚያ አገር ለጋብቻ ገንዘብ የሚሰጠው የሙሽራዋ ቤተሰብ ነበር። በርታ ያንን የመዳሪያ ገንዘቧን ገና ሳትዳር አስቀድማ ወስዳ ሸሪኩ እንዲወጣ አደረገች። በ1872 ተጋቡ። እስቲ አስቡት፤ የሠርጓ ገንዘብ ብረት ማሽን ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ዓመታቱ ቀላል አልነበሩም። በ1879 የመጨረሻ ምሽት፣ ዓለም አዲስ ዓመት ሲጠብቅ፣ ባልና ሚስቱ ወደ ወርክሾፑ ሄደው ሲለግም የከረመውን ሞተር አንድ ጊዜ እንደገና ሞከሩት፤ ተነሳ። ጥር 29 ቀን 1886 ካርል ለባለ ሦስት ጎማው መኪና የፈጠራ መብት ለማግኘት አመለከተ። ሰነዱ ላይ የበርታ ስም የለም።

መኪናው ተሠራ፣ ገዢ ግን ጠፋ። ካርል ዛሬ ይሄን ላሻሽል፣ ነገ ያንን ልጨምር የሚል ሰው ነበር፤ ከወርክሾፑ አካባቢ አርቆ አልነዳውም። ነሐሴ 1888 ላይ፣ እኛ አገር አፄ ዮሐንስ አራተኛ በዙፋን ላይ ሳሉ ማለት ነው፣ የ39 ዓመቷ በርታ የ15 ዓመቱን ኦይገንንና የ13 ዓመቱን ሪቻርድን ይዛ በጠዋት ወጣች። ባሏ ተኝቶ ነበር። ጉዞው ፎርዝሃይም ወዳለችው እናቷ ነው፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ። ነዳጅ ማደያ የለ፣ የመኪና መንገድ የለ፣ ጋራዥ የለ።

ስለዚህ ጉዞ ስታነቡ ሁሌም የሚነገራችሁ ስለ ባርኔጣ መርፌዋ ነው። የነዳጅ ቱቦው ሲደፈን በመርፌዋ ከፈተችው፣ የእሳት ሽቦው ሲላጥ በስቶኪንግ ማሰሪያዋ ሸፈነችው። ነዳጁ ሲያልቅባት ቪስሎህ ከተማ መድኃኒት ቤት ገብታ ሊግሮይን የሚባል የእድፍ ማስለቀቂያ ፈሳሽ ገዛች፤ ያ መድኃኒት ቤት ዛሬ የዓለም የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ እየተባለ ይጎበኛል። ብሩክዛል ላይ የላላውን ሰንሰለት ቀጥቃጭ አበጀላቸው። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ በየመንገዱ ውኃ ይቀዱ ነበር። ዳገት ሲሆን ሞተሩ አቅም ስለሚያንሰው ወርደው ይገፋሉ።

ቁልቁለቱ ግን ከዳገቱ ይከፋል። በዳገት ቢያቅታችሁ ትቆማላችሁ፤ በቁልቁለት ግን ካቃታችሁ መቆሚያ የለም። የመኪናው ፍሬን በእጅ የሚሳብ ነበር፤ በእግር የሚረገጥ ፔዳል አልነበረውም፤ ማለትም ያላት ፍሬን ሁሉ የእጅ ፍሬን ነው! እጀታው ሲሳብ የእንጨት መያዣዎች ይጫናሉ፤ እንጨቱ በፍትጊያ ይሞቃል፣ ይበላል፣ ማንሸራተትም ይጀምራል። በርታ ባውሽሎት በምትባል መንደር ስትደርስ መካኒክ አልፈለገችም፤ ከየት ይመጣል? ጫማ ሰሪ ጋ ሄደች። መያዣዎቹ ላይ ቆዳ እንዲቸነክርላት አዘዘችው። ቆዳው ሲያልቅ ሌላ ቆዳ ይመታበታል፣ እንጨቱ ይተርፋል። የመኪና ፍሬን ሸራ ታሪክ ሲወራ ብዙዎች የሚጀምሩት ከዚህች ቆዳ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ከመርፌውም ከማሰሪያውም ይህቺ ቆዳ ትበልጣለች። መርፌው የዚያን ቀን ችግር ፈታ፤ ቆዳው ግን ከዚያ ወዲያ ለሚነዳ ሁሉ ተረፈ። ካርል ታላቅ መሐንዲስ ነው፣ አልክድም። ግን ፍሬኑ ረጅም ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን ያየችው ሁለት ልጆቿን አሳፍራ እጀታውን የሳበችው እናት ናት።

ማምሻውን ፎርዝሃይም ገብታ ለባሏ ቴሌግራም ላከች። ከቀናት በኋላም በዚያው መኪና ተመለሰች። ዳገቱ እንዳስቸገራቸው ስለነገረችው ለመኪናው ዝቅተኛ ማርሽ ተጨመረለት። በመስከረም ወር ሙኒክ ላይ በተደረገ ኤግዚቢሽን መኪናው የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ፤ ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ የቤንዝ ኩባንያ በመኪና ምርት ከዓለም ግንባር ቀደም ሆኖ ነበር።

ስለ ሸራ ካነሳን፦ በ1897 እንግሊዝ አገር ኸርበርት ፍሩድ የሚባል ሰው የፍሬን ሸራ መሥራት ጀመረ፤ መነሻው ጋሪ ነጂዎች ቁልቁለት ላይ አሮጌ ቦት ጫማ በፍሬንነት ሲጠቀሙ ማየቱ ነው ይባላል። እንደገና ጫማ! የስሙን ፊደሎች አዟዙሮ ፌሮዶ የሚለውን የንግድ ስም አወጣ። በኋላ ሸራ በአስቤስቶስ መሠራት መጣና ስንቱን መካኒክ ሳንባ ጎዳ፤ መካኒኬ አቧራውን እፍ የማይሉት ወደው አይደለም። ዲስክ ፍሬንን ደግሞ እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር በ1902 በስሙ አስመዘገበው።

በርታ ረጅም ዕድሜ ኖራለች። አምስት ልጆች ወለደች፣ ካርልን በ1929 ቀበረች፣ ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ላደንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ቆየች። ካርል ከካርልስሩኸ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ያገኘው በ1914 ነበር። ያው ዩኒቨርሲቲ እሷን የክብር ሴናተር ያደረጋት ግንቦት 3 ቀን 1944፣ 95ኛ ዓመት ልደቷ ላይ ነው፤ አገሯ በጦርነት እየነደደች። በሁለተኛው ቀን ሞተች። የነዳችበት መንገድ በ2008 በስሟ ተሰይሟል፤ ካርታ ከፍታችሁ ብትፈልጉት ታገኙታላችሁ።

ቅዳሜ ዕለት ወደ ሽሮ ሜዳ ተመልሼ ሄድኩ። እዚያው ዳገት ላይ አቆምኩ፣ ጎማውን ወደ ጠርዙ አዞርኩ፣ እጀታውን ሳብኩ፤ አምስተኛው ቀጭታ ላይ ያዘ። ወርጄ ትንሽ ቆሜ አየኋት። ሊስትሮው ልጅ አስታወሰኝና ሳቀ፤ እኔም ተቀምጬ ጫማዬን ዘረጋሁለት። ሁለቱንም ጠርጎ ቀለም ቀብቶ እስኪጨርስ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።