ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል፦ ለምእመናን ተራ የሰጠ ቆሞስ

በየቁምስናችን እሑድ እሑድ አስቀድሰን ወደ ቤታችን የምንመለስ ብዙዎች ነን። በቤተ ክርስቲያን ሥራ ውስጥ የራሳችን ድርሻ እንዳለን የምናስብ ግን ጥቂቶች ነን። ይህም ብዙውን ጊዜ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ምን መሥራት እንደምንችል የሚያሳየንና ተራችንን የሚሰጠን በመጥፋቱ ነው። ይህን ችግር ከሥሩ የተረዳውን የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልን ሕይወት በአጭሩ እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅዱስ ቪንሰንት በ1581 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ፑይ በምትባል መንደር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ የአባቱን ከብቶች ይጠብቅ ነበር። በ1600 ማዕረገ ክህነት ተቀበለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይመኝ የነበረው ጥሩ ገቢ ያለው ሹመት አግኝቶ ቤተሰቡን መርዳት ነበር። እግዚአብሔር ግን ቀስ በቀስ ዓይኑን ወደ ድሆች መለሰው።

በ1617 በምሥራቅ ፈረንሳይ የምትገኘው የሻቲዮን ከተማ ቆሞስ ሆነ። በነሐሴ ወር አንድ እሑድ፣ ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ ሲለብስ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቤት ውስጥ ቤተሰቡ በሙሉ ታሞ መተኛቱንና አንዱ ሌላውን ማስታመም እንኳ አለመቻሉን ሰማ። በስብከቱም የእነዚህን ሰዎች ችግር ለሕዝቡ አስረዳ። ከሰዓት በኋላ በሽተኞቹን ሊጠይቅ ሲሄድ መንገዱ በሴቶች ተሞልቶ አገኘው፤ ገሚሶቹ ምግብ ይዘው ይሄዳሉ፣ ገሚሶቹ አድርሰው ይመለሳሉ፤ ሙቀቱ ከባድ ነበረና ከመንገድ ዳር ተቀምጠው የሚያርፉም ነበሩ።

ሌላ ሰባኪ ቢሆን በስብከቱ ፍሬ ተደስቶ በተመለሰ ነበር። ቅዱስ ቪንሰንት ግን የነገውን አሰበ። የዚያን ዕለት ምግቡ ከሚበቃው በላይ ነው፤ የተረፈው ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ተመልሶ ይራባል። የጎደለው ደግነት ሳይሆን ሥርዓት ነበር። ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈቃደኛ ሴቶችን ሰብስቦ፣ የከተማውን ድሆች በሽተኞች በየተራ አንዳንድ ቀን እየያዙ እንዲያገለግሉ አደረገ።

በዚያው ዓመት ለማኅበሩ የተጻፈው ደንብ ለእያንዳንዷ ሥራዋን ለይቶ ያሳያል። ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። ባለተራዋ ምግቡን አዘጋጅታ ትወስዳለች፤ በሽተኛውን በደስታ ሰላም ብላ፣ ገበታውን ዘርግታ፣ እጁን አስታጥባ፣ ጸሎት አድርሳ ታበላዋለች። ጉብኝቷን ጠያቂ ካላቸው ጀምራ፣ ብቸኞቹ ዘንድ ትጨርሳለች፤ ይህም ከእነርሱ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ እንድትቆይ ነው።

ቅዱስ ቪንሰንት በታኅሣሥ ወር፣ ገና ግማሽ ዓመት ሳይሞላው፣ ሻቲዮንን ለቆ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ቆሞሱ ሄደ፤ ማኅበሩ ግን አልፈረሰም፤ ሥራው የምእመናኑ የራሳቸው ሆኖ ነበርና። በሌሎች መንደሮችም ተመሳሳይ ማኅበራት ተቋቋሙ።

ሥራው በፓሪስ ሲስፋፋ ሌላ ፈተና መጣ። አንዳንድ ባለጸጋ ሴቶች በራሳቸው ፈንታ ሠራተኞቻቸውን መላክ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ማርግሪት ናዞ የምትባል፣ ከብት እየጠበቀች በራሷ ጥረት ማንበብ የተማረች የገጠር ልጅ፣ ድሆችን ልታገለግል ራሷን አቀረበች። ሌሎችም ተከተሏት። ማርግሪት በ1633 በወረርሽኝ የተያዘች ሴት ስትረዳ በበሽታው ሞተች። በዚያው ዓመት ቅድስት ሉዊዛ ደ ማሪያክ ከቅዱስ ቪንሰንት ጋር ሆና እነዚህን ልጃገረዶች በአንድ ቤት ሰበሰበች፤ የፍቅር ልጆች የተባለው ማኅበርም ተመሠረተ።

ቅዱስ ቪንሰንት በ1660 ዐረፈ፤ በ1737 ቅድስናው ታወጀ። በ1839 አድዋ የገባው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስም፣ እርሱ በ1625 የመሠረተው የካህናት ማኅበር አባል ነበርና፣ የሥራው ፍሬ ለእኛም ደርሷል።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? የጽዋ ማኅበር ተራን የምናውቅ እኛ፣ የአገልግሎት ተራ ማውጣት አያቅተንም። በየሰፈራችን የታመመውን፣ ጠያቂ ያጣውን አረጋዊ፣ ትምህርት ያቋረጠውን ልጅ በስም እንወቅ። የሚመቸንን ቀን ለይተን፣ በጉልበትም ሆነ በጊዜ የምንሰጠውን ለቆሞሳችን እናስታውቅ። እናንተም ቆሞሳት፣ ምእመናኑን በጥቅሉ ከመጥራት ይልቅ ለእያንዳንዱ ሥራና ቀን ስጡት። ቅዱስ ቪንሰንት ለዚህ መንፈሳዊ ትጋት ያማልደን። አሜን።