ድንኳን ሰፊው ሐዋርያ

ቤተ ክርስቲያናችን ሐምሌ 5 ቀን በዓለ ዕረፍታቸውን ከምታከብርላቸው ሐዋርያት አንዱ ብርሃነ ዓለም ቅዱስ ጳውሎስ ነው። በጠርሴስ የተወለደው ይህ ሐዋርያ ከገማልያል እግር ሥር ኦሪትን የተማረ ሊቅ ሲሆን፣ ሙያው ድንኳን መስፋት ነበር። በደማስቆ መንገድ ለሐዋርያነት ከተጠራ በኋላም ሙያውን አልናቀም። በቆሮንቶስ ዓመት ከስድስት ወር ሲያስተምር፣ ከሮም ተሰድደው ከመጡት ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይደክም ነበር።

ኋላም ታስሮ ወደ ሮም በባሕር ሲወሰድ፣ 276 ነፍስ የያዘችው መርከብ 14 ሌሊት በማዕበል ተናወጠች። ሁሉም ተስፋ ሲቆርጡ እርሱ በእግዚአብሔር ታምኖ አጽናናቸው፤ እህልም እንዲቀምሱ መከራቸው። መርከቢቱ ተሰበረች፤ ከሰዎቹ ግን አንድ ስንኳ አልጠፋም። በመላጥያ ደሴት፣ በዝናብና በብርድ እሳት ሲቀጣጠል፣ ጳውሎስ ጭራሮ ይለቅም ነበር።

በሮም በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማረ። በ60ዎቹ ዓ.ም.፣ በኔሮን ዘመን፣ በሰይፍ ዐረፈ።

እነሆ፣ ከሞት ያመለጠው እስረኛ አምላኬ አድኖኛል ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ኑሮ የከበደበት፣ ተስፋው የራቀበት ሁሉ ይህን ያስብ፤ በእግዚአብሔር መታመን እጅን ያበረታል እንጂ አያሳርፍም።

በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።